ሲወለዱ ሌባ የተባሉት

ከካልካታ በስተ ምዕራብ፣ የቤንጋል ለምለም ሜዳ አልቆ መሬቱ መቅላት ሲጀምር፣ ጃርግራም የሚባለው አውራጃ ይመጣል። በዚያ ቀይ አፈር ላይ «ሳል» የተባለ ቀጥ ያለ ረጅም ዛፍ ጫካ ሠርቶ ይቆማል። ገና ጎህ ሳይቀድ የሎዳ ሴቶች ከጭቃ ቤቶቻቸው ወጥተው ወደ ጫካው ይገባሉ። ቅጠል ለቀማ ነው የሚሄዱት።

የሳል ቅጠል ሰፋ ያለና ቶሎ የማይቀደድ ነው። ቤት ሲደርስ እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረቡ በቀጭን ስንጥር ይሰፉታል፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው ሲያደርቁት ሳህን ይሆናል። በቤንጋል ሠርግ ላይ፣ በቤተ መቅደስ ማዕድ ላይ፣ በመንገድ ዳር ጉልት ላይ ሰው የሚበላው በዚህ ሳህን ነው። ነጋዴው በሺህ ቆጥሮ ይረከባል፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው። ቅጠል በማይለቀምበት ወቅት ሴቶቹ «ባቡይ» ከሚባለው ሣር ገመድ ይገምዳሉ፤ ወንዶቹ በሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ያድራሉ። ማር፣ እንጉዳይ፣ የጫካ ሥራ ሥር፣ የቀይ ጉንዳን እንቁላል፣ ኤሊና አርጃኖ ለድሃ ቤት የጎደለውን ይሞላሉ። ጫካው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከዳልማ ተራሮች የሚወርደው የዝሆን መንጋ በየዓመቱ በዚህ በኩል ያልፋል፤ ቅጠል ሊለቅም ገብቶ ያልተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም።

የሎዳ ሰው ግን ከዝሆን ይልቅ ለብዙ ዘመን ሲፈራ የኖረው ሰውን ነው። በአካባቢው የናስ ዕቃ ጠፋ፣ የጭቃ ግድግዳ በሌሊት ተቦርቡሮ ተገኘ ከተባለ፣ መንደርተኛውም ፖሊሱም ጣቱን ወዴት እንደሚቀስር አስቀድሞ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1916 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት ሎዳን ከሽማግሌው እስከ አራሱ «ወንጀለኛ ጎሣ» ብሎ በአዋጅ መዝግቦታልና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የዚያ አንድ ስም ታሪክ ነው።

ከዚያ ስም በፊት ሌላ ስም ነበራቸው። ሎዳ የሚለው ቃል «ሉብዳካ» ከተባለው የሳንስክሪት ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ትርጉሙም አዳኝ፣ ወጥመድ ዘርጊ ማለት ነው። ራሳቸውን ሎዳ ሳባር ብለው ይጠራሉ፤ ሳባር ደግሞ በሕንድ ጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ የጫካ ሰዎች መጠሪያ ነው። በራማያና ተረክ ውስጥ ለራማ የጫካ ፍሬ ያቀረበችው ሴት ሻባሪ ትባላለች፣ የሳባር ልጅ ነች። በኦዲሻ የባሕር ዳርቻ፣ በፑሪ ከተማ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚሰግድለት የጃጋናት አምልኮ በአፈ ታሪኩ የሚጀምረው ቢስዋባሱ ከተባለ የሳባር አለቃ ነው፤ ጣዖቱን በጫካ ውስጥ ደብቆ ያመልክ የነበረው እሱ ነው ይላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሙኩንዳራም ቻክራባርቲ የጻፈው «ቻንዲማንጋል» የተባለው ታላቅ የቤንጋል ግጥም ደግሞ ካልኬቱ ስለተባለ ድሃ አዳኝ ይተርካል። ቻንዲ የተባለችው አምላክ ሀብት ሰጥታው ከተማ ቆረቆረ። ሎዳዎች ካልኬቱን አያታችን ነው ይላሉ።

እንግዲህ አማኙ ሕዝብ በተረት ውስጥ የሳባርን ሰው አምላክ ያየ፣ አምላክን የመገበ አድርጎ ያከብረዋል። በመንገድ ሲያገኘው ግን የቤቱን በር ይቆልፍበታል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይህ ነው።

የመከራው መነሻ ጫካው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሚድናፑርን ሲይዝ፣ ያ አካባቢ ጫካ ማሃል ይባል ነበር፤ የጫካ ግዛት ማለት ነው። ኩባንያው ፊቱን ያዞረው ወደ ግብር ነው። በ1793 የወጣው የመሬት ሥርዓት ዘሚንዳር የተባሉትን ባለርስቶች በቋሚ ግብር አሰረ፤ ግብሩን ያልከፈለ ርስቱ በጨረታ ይሸጥበታል። ባለርስቱም ገንዘብ የሚያመጣው ጫካ እየመነጠረ፣ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ከሌላ ቦታ እያመጣ በማስፈር ነበር። የጫካው ሰዎችና በአገልግሎታቸው ከግብር ነፃ መሬት የነበራቸው ዘበኞች ደጋግመው ተነሡ። እንግሊዞች አመፁን «የቹዋር አመፅ» አሉት፤ ቹዋር ማለት ባለጌ፣ ያልሠለጠነ ማለት ነው። ስድብ መዝገብ ውስጥ ገብቶ የታሪክ ስም ሆነ።

ቀጥሎ የደን ሕጎች መጡ፤ መጀመሪያ በ1865፣ ከዚያ ጠበቅ ብሎ በ1878። ጫካው የመንግሥት ሆነ። ማገዶ መልቀም፣ ሥር መቆፈር፣ ማደን ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ አንዳንዴም የሚያስቀጣ ነገር ሆነ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የቤንጋል ናግፑር የባቡር ሐዲድ ካራግፑር ደረሰ። ለሐዲዱ ማጋደሚያ ከሳል የሚሻል እንጨት አልነበረምና ዛፉ ወደቀ። የአካባቢው ነገዶች ሁሉ ተጎዱ፤ ሳንታል የተባሉት ነገዶች ግን አራሾች ነበሩ፣ ሲገፉ የሚይዙት ቁራሽ መሬት አላጡም። ሎዳ ማረስ አያውቅም ነበር። ከጫካ የሚኖር ሕዝብ ጫካ ሲዘጋበት፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ደረሰበት። ከመካከላቸው የሰረቁ ነበሩን? ነበሩ። የተራበ ሰው ከሩዝ ማሳ ዳር ሲኖር የሚሆነው ሆነ። መንግሥት ግን ረሃቡን ሳይሆን ደማቸውን ከሰሰ።

ሕጉ የወጣው በ1871 ነው። የሕንድ መንግሥት የሕግ አማካሪ የነበረው ጄምስ ፊትዝጄምስ ስቲቨን ረቂቁን ሲያቀርብ ያስረዳው ክርክር ለእሱ ቀላል ነበር፦ በሕንድ አናጺ የአናጺ ልጅ ነው፣ ሸማኔ የሸማኔ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ወንጀለኛም የወንጀለኛ ልጅ ሆኖ ይወለዳል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «የወንጀለኛ ጎሣዎች ሕግ» ወጣ። የአካባቢው መንግሥት አንድን ጎሣ ወንጀለኛ ብሎ ካወጀ፣ አዋጁን የሚመረምር ፍርድ ቤት አልነበረም። የጎሣው ሰው ይመዘገባል፣ በተወሰነለት ቀንና ሰዓት ቀርቦ ስም ጥሪ ላይ «አለሁ» ይላል። ከመንደሩ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ዘመድ ሊቀብር ሄዶ ቢያመሽ ጥፋተኛ ነው። በ1897 ሕጉ ሲሻሻል ከ4 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥሎ ለብቻ ማኖር ተፈቀደ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፦ ሕጉ የአራት ዓመት ሕፃን ከእናቱ የሚለየው ሕፃኑ ወይም እናቱ ስላደረጉት ነገር አልነበረም፤ ከማን እንደተወለደ ስለታወቀ ብቻ ነበር።

ሕንድ በ1947 ነፃ ስትወጣ በዚህ ሕግ ሥር የነበሩት 127 ያህል ማኅበረሰቦች፣ 13 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። አገሩ በነሐሴ 15 ቀን 1947 ባንዲራውን ሲሰቅል እነሱ ገና ስም ጥሪ ላይ ነበሩ። ሕጉ የተሻረው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 31 ቀን 1952 ነው። በመላ ሕንድ ያሉ የእነዚህ ማኅበረሰቦች ልጆች ያቺን ቀን የነፃነታቸው በዓል አድርገው ያከብሯታል።

የተሰረዘው ግን ሕጉ ብቻ ነበር። ጫካው አልተመለሰም፣ መሬት አልተሰጠም፣ ለተነጠቀው ሁሉ ካሳ የከፈለ የለም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ «የልማደኛ ወንጀለኞች» ሕግ ተተካ። በወረቀት ላይ ይህ ሕግ የሚመለከተው ጎሣን ሳይሆን ግለሰብን ነው። ፖሊስ ጣቢያው ግን ያው ጣቢያ፣ መዝገቡን የሚይዘውም ያው ጸሐፊ ነበር።

በዚያው ዘመን ፕሮቦድ ኩማር ቦውሚክ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ከዩኒቨርሲቲ ወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሎዳዎች መጡ። በ1955 በናራያንጋር አካባቢ ቢዲሻ የተባለ መንደር መሥርተው ለሎዳ ልጆች ትምህርት ቤትና ማደሪያ ከፈቱ፤ በ1963 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሎዳ ሕይወት በዝርዝር የተጻፈ የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት ነው። በ1956 ሎዳ ልዩ ድጋፍ ከሚያገኙ ነገዶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ቆየት ብሎም መንግሥት እጅግ ተጋላጭ ብሎ ከለያቸው 75 የሕንድ ነገዶች አንዱ ተባለ። የምድቡ ስም እስከ 2006 ድረስ «ኋላ ቀር ነገዶች» የሚል ትርጉም ነበረው፤ ርዳታውም ከስድብ ጋር ነበር የሚመጣው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ በምዕራብ ቤንጋል ከዘመዶቻቸው ከኬሪያዎች ጋር በአንድነት 108,707 ሆነው ተቆጥረዋል፤ ጥቂት ሺዎች ደግሞ ድንበር ተሻግረው በኦዲሻ ማዩርባንጅ ይኖራሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ስድቡ ወደ ግድያ የተሸጋገረበት ጊዜ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሚድናፑር መንደሮች ሎዳዎች በስርቆት እየተጠረጠሩ በመንጋ ተገድለዋል። ደራሲዋ ማሃስዌታ ዴቪ በዚያን ጊዜ በተደጋጋሚ የጻፉት ነገር አለ፦ ሎዳው ቢሰርቅም እንኳ የተሰረቀው ዕቃ እሱ ቤት አይገኝም፤ ዕቃውን በርካሽ ተቀብሎ የሚያተርፈው የተከበረ፣ ባለ መሬት፣ ባለ ሱቅ የሆነ ሰው ነው። መንጋው ሲመጣ ግን የሚቃጠለው የሎዳው ጎጆ ነው።

አሁን ስለ ቹኒ ኮታል ልናገር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሣኝ የእሷ ታሪክ ነው።

ቹኒ በ1965 በሚድናፑር ጎሃልዲሂ በተባለች መንደር ከድሃ የሎዳ ቤተሰብ ተወለደች። በልጅነቷ በሰው ማሳ ላይ ትሠራ ነበር። እየራባት ተማረች፤ መጽሐፍ መግዣ አልነበራትም። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ በ1983 በጃርግራም የነገዶች ልማት ቢሮ ውስጥ የሎዳ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ሥራዋ ከመንደር መንደር በእግር እየዞሩ ቤተሰቦችን መጠየቅና መመዝገብ ነበር። ልብ በሉ፤ የሎዳን ስም ለአርባ ዓመት ያህል የመዘገበው ፖሊስ ነበር፤ አሁን ምን እንደሚጎድላቸው ለመጻፍ ደብተር ይዛ የምትመጣው የራሳቸው ልጅ ሆነች።

በ1985 በአንትሮፖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ተቀበለች። ከሎዳ ሳባር ሴቶች ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚድናፑር ከተማ የነገድና የዝቅተኛ መደብ ልጃገረዶች ማደሪያ ኃላፊ ተደረገች። ሥራው ሌሊትና ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ያለ በቂ ዕረፍት ነበር። እንደዚያም ሆኖ በቪድያሳጋር ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአቤቱታዎቿ ላይ የሰፈረ ነው። አንድ መምህር በተማሪዎች ፊት ከወንጀለኛ ጎሣ የተወለደች ሴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን አላት እያለ ያዋርዳት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ቀሪ ተብላ ትመዘገብ ነበር፤ ውጤቷ ይከለከላት ነበር። ቅኝ ገዢው በስም ጥሪ ያልቀረበውን ሎዳ ይቀጣ ነበር፤ ቹኒ ግን ቀርባ ሳለ እንዳልቀረበች ተጻፈባት። በ1991 አጣሪ ኮሚሽን ተሰየመ። ኮሚሽኑ እስኪጨርስ እሷ ዓመት ከዓመት ወደ ኋላ ቀረች። በነሐሴ 16 ቀን 1992፣ በ27 ዓመቷ፣ ካራግፑር በሚገኘው የባሏ ቤት የራሷን ሕይወት አጠፋች።

ካልካታ ተናወጠች። ሰልፍ ወጣ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ምሁራን ተከራከሩ። ማሃስዌታ ዴቪ ታሪኳን ወዲያውኑ በመጽሔት ጻፉት፤ በ1994 ያሳተሙትንና የካልኬቱን ዘመን የሚተርከውን «ቢያድካንዳ» የተባለ ልብ ወለድ ደግሞ ከእሷ ካገኙት የሳባር ባህል ዕውቀት ጋር አያይዘው ጻፉት። የአዳኙ ካልኬቱ ታሪክ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በአንዲት ሎዳ ምሁር በኩል ወደ ቤንጋል ንባብ ተመለሰ ማለት ነው፤ እሷ ግን አላየችውም።

ማሃስዌታ ብዕር ብቻ አልነበሩም። በፑሩሊያ አውራጃ የሎዳ ዘመዶች ለሆኑት ለኬሪያ ሳባሮች በቆመ የደኅንነት ማኅበር ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ በየካቲት 1998 ቡዳን ሳባር የተባለ ወጣት ቅርጫት ሠሪ የተያዘው ያ ማኅበር ባለበት አካባቢ ነው። ቡዳን ከሚስቱ ጋር በብስክሌት ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ለመግዛት በቆመበት ፖሊስ ያዘው። የካቲት 17 በእስር ላይ ሳለ ሞተ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ። መንደርተኞቹ ግን አስከሬኑ ምስክር መሆኑን ገባቸው። ፖሊስ አስከሬኑ በፍጥነት እንዲቃጠል ሲጫናቸው ከገለባ የሰው ምስል ሠርተው ያንን አቃጠሉ፤ የቡዳንን አስከሬን በጎጆው ውስጥ ቀበሩት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ አስከሬኑ ወጥቶ እንደገና ተመረመረ። የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ለሚስቱ ካሳ እንዲከፈልና ጉዳዩ በማዕከላዊ ምርመራ ቢሮ እንዲጣራ አዘዘ።

ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ፣ ለብዙ ዘመን «ተንኮለኛ» እየተባሉ የተመዘገቡ ሰዎች ለእውነት ሲሉ የተጠቀሙበት ብልሃት ይህ ነበር። ወሬው እስከ ጉጃራት ደረሰ። አሕመዳባድ ውስጥ ቻራ የተባሉት፣ እነሱም በዚያው ሕግ ወንጀለኛ ተብለው የነበሩ ማኅበረሰብ ወጣቶች፣ «ቡዳን» የተባለ ተውኔት ሠርተው በመድረክ አሳዩ። የቴአትር ቡድናቸው ዛሬም በዚያ ስም ይጠራል።

ረሃቡስ? በ2004 በቤልፓሃሪ አቅራቢያ አምላሶል በተባለች መንደር አምስት ሰዎች በረሃብ ሞቱ የሚል ዜና ሕንድን አስደነገጠ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሳባሮች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በእነዚህ አውራጃዎች ሩዝ በኪሎ ሁለት ሩፒ መሸጥ ተጀመረ። በኅዳር 2018 በላልጋር አካባቢ፣ ፑርናፓኒ በተባለች መንደር፣ ሰባት ሎዳ ሳባሮች በሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ባለሥልጣናቱ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ በሽታና መጠጥ ነው፣ ረሃብ አይደለም አሉ። የሳንባ ነቀርሳ በደንብ ያልበላን ሰው ቶሎ እንደሚያጠቃ ግን ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። ሰው በባዶ ሆዱ አረቄ የሚጠጣውም አረቄው ከምግብ ረክሶ ሲያገኘው ነው። በሟቹ የሞት ሰርተፊኬት ላይ የሚጻፈው ቃል ለባለሥልጣናቱ ይመቻቸው ይሆናል፤ በመንደሩ ላይ የደረሰውን ግን አይለውጠውም።

ገንዘብ አልተመደበም አይባልም። በ2006 የወጣው የደን መብት ሕግ በጫካ ውስጥ ለኖሩ ሰዎች የመሬት መብት ሰጥቷል፤ ሆኖም አመልካቹ በዚያ መሬት ላይ መኖሩን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ስሙ ለአርባ ዓመት ያህል በፖሊስ መዝገብ ተዘርዝሮ በመሬት መዝገብ ላይ ፈጽሞ ያልሰፈረ ሰው ምን ማስረጃ ያቀርባል? በኅዳር 2023 የሕንድ መንግሥት ለ75ቱ ተጋላጭ ነገዶች ቤት፣ መንገድ፣ ውሃና ጤና ጣቢያ የሚሠራበት ከ241 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የሆነ ዕቅድ ይፋ አድርጓል። ቤቱ ቢሠራ መልካም ነው። በጡብ ቤት ውስጥ ያለውን ሎዳም ግን ፖሊስ በሌሊት ሊያንኳኳበት ይችላል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። ሱካንያ ሻንታ የተባለች ጋዜጠኛ በሕንድ እስር ቤቶች ውስጥ እስረኞች በዘራቸው እየተለዩ መጸዳጃ የሚጠርግና ምግብ የሚያበስል እንደሚመደብ መርምራ አጋልጣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤት አለች። ዳኞቹ የየክፍለ ግዛቱን የእስር ቤት ደንብ ሲያገላብጡ ሎዳ በሚኖርበት በምዕራብ ቤንጋል ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ አገኙ፦ በእስረኞች ላይ ዘበኛ ሆኖ የሚመረጠው እስረኛ ለማምለጥ የተፈጥሮ ዝንባሌ ካላቸው ወገኖች፣ ለምሳሌ ከዘላን ጎሣዎች፣ መሆን የለበትም ይላል። የ1871ዱ የስቲቨን ሐሳብ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 3 ቀን 2024 እንዲህ ያሉትን አንቀጾች ሁሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ሻራቸው፤ ክፍለ ግዛቶቹ ደንባቸውን በሦስት ወር ውስጥ እንዲያርሙ፣ ፖሊስም የእነዚህን ማኅበረሰቦች ሰዎች በዘፈቀደ እንዳይዝ አዘዘ።

ሕጉ ተሻረ ከተባለበት ከ1952 እስከዚህ ፍርድ 72 ዓመት አልፏል። የእንግሊዙን ሕግ የተካው የልማደኛ ወንጀለኞች ሕግ ግን በበርካታ የሕንድ ክፍለ ግዛቶች ዛሬም እየሠራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ ሕንድ ይህን ሕግ እንድትሽር የመከረው በ2007 ነበር። መሻር አለበት።